ፌንደር፣ አምፔግ ወይስ ኦሬንጅ? ሦስት ባለ 12 ኢንች የቤዝ አምፖች ጎን ለጎን

የቤዝ አምፕን፣ ማለትም የቤዝ ጊታርን ድምፅ የሚያጎላውን ዕቃ፣ ሱቅ ውስጥ መሞከር ጫማን ቁጭ ብሎ እንደ መለካት ነው። እዚያው ይመቻል። ጉዱ የሚወጣው መንገድ ላይ ነው።

ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። የመጀመሪያውን አምፔን ስገዛ ብቻዬን ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ቤዝ የሚለውን ቁልፍ እስከ ጥጉ አዙሬ፣ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ደስ ብሎኝ፣ ሌላ ምንም ሳልጠይቅ ከፍዬ ወጣሁ። ቅዳሜ ሰርግ ላይ ከድራሙና ከኪቦርዱ ጋር ስንጀምር ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ጣቴ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፄ የለም። ኪቦርዲስታችን በእረፍት ሰዓት "ዛሬ ቀረህ እንዴ?" አለኝ። ቀልዱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ስለዚህ የአጎቴ ልጅ "አምፕ ልገዛ ነው፣ አብረኸኝ ሂድ" ሲለኝ በደስታ እሺ አልኩት። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጁ እሁድ እሁድ ቸርች ውስጥ ቤዝ ይጫወታል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሰርግ ላይ እኔን ይተካል። ቤቱ አፓርትመንት ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ሱቁ ውስጥ ከነበሩት ሦስት መረጥን። ፌንደር ራምብል 100፣ አምፔግ ሮኬት ቤዝ አርቢ 112 እና ኦሬንጅ ክራሽ ቤዝ 50። ሦስቱም አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያላቸው ኮምቦዎች ናቸው፣ ማለትም አምፑና ስፒከሩ አንድ ሳጥን ውስጥ ነው። ፌንደሩና አምፔጉ 100 ዋት ናቸው፣ ኦሬንጁ 50። ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። ባለ 8 ኢንቹን ከባለ 15 ኢንቹ ጋር ማወዳደር ባጃጅን ከአይሱዙ ጋር እንደ ማወዳደር ስለሚሆን ነው መጠናቸውን ያመሳሰልኩት።

ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ የራሱን ቤዝ ይዞ መጣ። ሱቅ ውስጥ የሚሰጡህ ቤዝ ወይ ክሩ አዲስ ነው ወይ ዋጋው ካንተ ቤዝ አምስት እጥፍ ነው፤ ያን ጊዜ የወደድከው አምፑን ይሁን ቤዙን አታውቅም። ሁለተኛ፣ ሦስቱንም ከግድግዳው አራቅናቸው። ጥግ የተቀመጠ አምፕ ግድግዳው ቤዙን ስለሚያወፍርለት ከመሃል ከተቀመጠው የበለጠ ይመስላል። ሻጩ ትንሽ ተገረመ፣ ግን አልከለከለንም። ሦስተኛ፣ የድምፅ ማስተካከያ ቁልፎቹን ሁሉ መሃል ላይ፣ እንደ ሰዓት 12 ላይ አቆምናቸው። የተለየ ድምፅ የሚሰጡትን በተኖች በሙሉ አጠፋን።

አራተኛም ነበር፣ ረስቼው ነው፦ የድምፁ መጠን። ጆሯችን ጮክ ያለውን ሁሉ "ይሄ ይሻላል" ይላል። አንዱ ከሌላው በትንሹ ከጮኸ ውድድሩ አልቋል። ስልካችን ላይ ባለው የድምፅ መለኪያ አፕ ተጠቅመን ሦስቱን በግምት አስተካከልናቸው። በጣም ትክክል አይደለም፣ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል።

ፌንደሩ መጀመሪያ። ቁልፎቹ መሃል ላይ ሲሆኑ ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ቤዙ የሰጠውን ነው የሚመልሰው። አንዳንዱ ሰው "ባዶ ነው" ይለዋል። እኔ ግን ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ጣትህ ሲሳሳት ይነግርሃል። አራት የድምፅ ማስተካከያ አለው፤ መካከለኛውን ድምፅ ለሁለት ከፍሎ ዝቅ ያለውንና ከፍ ያለውን ለየብቻ እንድትነካ ይፈቅድልሃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ብራይት፣ ኮንቱርና ቪንቴጅ የሚባሉ ሦስት በተኖች አሉት፣ ድምፁን የሚያሻክር ኦቨርድራይቭም አለው። ኦቨርድራይቩ እንኳን ብዙም አልማረከኝም፣ ከኦሬንጁ ጋር ሲተያይ ቀሽም ነው።

የአጎቴ ልጅ ኮንቱርን ሲጫን ፊቱ በራ። "ይሄ ነው!" አለ። እውነቱን ነው፣ ብቻውን ሲሰማ ያምራል፤ ታችኛው ወፍራም፣ ላይኛው ጥርት ያለ። ግን በተኑ የሚሠራው መካከለኛውን ድምፅ መቁረጥ ነው፣ እኔን ሰርግ ላይ የበላኝም ይኸው ነው። "ቆይ፣ ትደርስበታለህ" አልኩት።

አምፔጉ ሌላ ጠባይ አለው። ስሙ ራሱ ታሪክ ነው፤ የኮንትራባስ (ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ቤዝ) መቆሚያ እግር ውስጥ ማይክ ተገጥሞ ድምፁ እንዲጎላ ይደረግ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው፣ አምፕሊፋይድ ፔግ ከሚለው አጥሮ። በ1969 የወጣው ኤስቪቲ የተባለው ባለ 300 ዋት ግዙፍ አምፓቸው ከሮክ መድረኮች ጋር ስሙ አብሮ ይነሳል። አርቢ 112 የዚያ የልጅ ልጅ ነው በሉት። በተኖቹ ሁሉ ጠፍተው እንኳ ድምፁ ሞላ ያለ ነው፣ ትንሽ ሙቀት አለው፣ ክሩን ጫን ብለህ ስትመታው ያጉረመርማል። አልትራ ሎ የሚባለው በተን ግን እንደ ኮንቱሩ ነው፦ ታችኛውን ያነሳና መካከለኛውን ይቆርጣል። ያው ወጥመድ በሌላ ስም።

ኦሬንጁ ከሦስቱ ለብቻው ነው። መጀመሪያ ዓይን ይይዛል፣ ያ ብርቱካናማ ልብስ ከሩቅ ይታያል። ድምፁ ላይ መካከለኛው ጎላ ይላል፣ አንዳንዱ "በአፍንጫው ነው የሚናገረው" ይለዋል። ትልቁ ጥቅሙ ብሌንድ የሚባለው ቁልፍ ነው። ንጹሑን ድምፅና የሻከረውን የምታቀላቅለው አንተ ነህ፤ ስለዚህ ድምፁን ስታሻክር ታችኛው አይጠፋብህም። ሌሎች አምፖች ላይ ኦቨርድራይቭ ስትከፍት ቤዙ ቀጥኖ ጊታር ይመስልብሃል፣ እዚህ ግን አይሆንም። በተጨማሪ መቃኛ ውስጡ ተገጥሞለታል። የመካከለኛውን ድምፅ ስፍራ የምታዞርበት ቁልፍም አለው፤ የትኛውን ድምፅ ማንሳት እንደምትፈልግ ፈልገህ ታገኛለህ ማለት ነው። ለሚነካካ ሰው መጫወቻ ነው፣ ለጀማሪ ግን ማደናገሪያ ሊሆን ይችላል።

እስከዚህ ድረስ የአጎቴ ልጅ ደረጃ እንዲህ ነበር፦ ፌንደር ከነኮንቱሩ አንደኛ፣ አምፔግ ሁለተኛ፣ ኦሬንጅ ሦስተኛ።

ከዚያ ዋናው ፈተና መጣ። ስልኬ ላይ ከልምምድ የቀዳሁት ድራምና ኪቦርድ ብቻ ያለበት አንድ ችክችካ ነበር፣ ቤዝ የሌለበት። ሻጩን ለምነን በሌላ ስፒከር ጮክ አድርገን ከፈትነው። ልጁ ፌንደሩ ላይ ኮንቱሩን እንደከፈተ ገባ። ጠፋ። የለም። የድራሙ ምት ታችኛውን ወሰደው፣ ኪቦርዱ ላይኛውን ወሰደው፣ ለቤዝ የተረፈው መሃሉ ነበር፣ እሱን ደግሞ በተኑ ቆርጦታል። ፊቱን ብታዩት! ኮንቱሩን አጥፍቶ ዝቅ ያለውን መካከለኛ ትንሽ ሲያነሳው ቤዙ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መሃል ላይ ተከሰተ።

ችክችካ ላይ ይህ ከሌላው ሙዚቃ ይልቅ ይጎላል። ምቱ ስድስት ስምንተኛ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቤዙ አጭር አጭር እየተናገረ ከድራሙ ጋር ትከሻውን መግፋት አለበት። ድምፁ ተንጠልጥሎ ከቀረ እስክስታው ይቦካል። አምፔጉ እዚህ ላይ ትንሽ አስቸገረን፤ ያ ስንወደው የነበረው ሙላት በፍጥነቱ ውስጥ እርስ በእርሱ ተደራረበና ቤዝ የሚለውን ቁልፍ ዝቅ ማድረግ ግድ ሆነ። ቀስ ያለ ትዝታ ስንከፍት ግን አምፔጉ ሁለቱንም ጥሏቸው ሄደ። እያንዳንዱ ድምፅ እንደ ማር ይወርዳል። ኦሬንጁ በችክችካው ላይ ሳይጠበቅ አንደኛ ወጣ፣ ያ "በአፍንጫ የሚናገር" የተባለው መካከለኛ ድምፅ በሁሉም ውስጥ አልፎ ተሰማ። ልጁን ላጫውተውና እኔ ራቅ ብዬ ልስማ ብዬ ጊታሮቹ የተሰቀሉበት ድረስ ሄድኩ። ከዚያም ሆኜ ኦሬንጁን እያንዳንዱን ኖታ እለየዋለሁ። እናንተም አድርጉት፣ አምፑ ፊት ቆሞ መስማትና ተሰብሳቢው ካለበት መስማት ይለያያል።

ስለ ዋት አንድ ነገር። ሰዎች 50 ዋት ሲሉ የ100ው ግማሽ ድምፅ ይመስላቸዋል። አይደለም። ዋቱ በእጥፍ ሲጨምር የምታገኘው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው፣ ልዩነቱ ይሰማል ግን ትንሽ ነው። ለጆሮ "እጥፍ ጮኸ" እንዲባል ዋቱ አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ስለዚህ ኦሬንጁ ከሌሎቹ ብዙም አላነሰም። ነገር ግን ቤዝ ኃይል ይበላል፤ ታችኛው ክር ሲመታ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ነው፣ አምስት ክር ያለው ቤዝ ከሆነ ደግሞ ወደ 31 ይወርዳል። ይህን ንጹሕ አድርጎ ለመግፋት ትርፍ ዋት ያስፈልጋል። ድራመሩ በዱላ የሚመታ እውነተኛ ድራመር ከሆነና አዳራሹ ውስጥ አምፓችሁ ብቻውን የሚሠራ ከሆነ 100ውም ቢሆን ሊያጥራችሁ ይችላል። እውነቱ ይኸው ነው።

ለዚህ ነው ከዋት ይልቅ የኋላውን መሰኪያ እዩ የምለው። ፌንደሩና አምፔጉ ኤክስኤልአር የሚባለው፣ እንደ ማይክ ኬብል ያለ የሚሰካበት መውጫ አላቸው። ቸርች ውስጥ ወይም አዳራሽ ውስጥ ሳውንድ ማኑ አንድ ኬብል ሰክቶ ድምፅህን ወደ ሚክሰሩ ይወስደዋል፣ ለሕዝቡ የሚደርሰው በትልልቆቹ ስፒከሮች ነው፣ አምፑ ላንተ ብቻ መስሚያ ይሆናል። ያን ጊዜ 100 ዋት ተትረፍርፎ ይተርፋል። ኦሬንጁ ይህ መውጫ የለውም። ዲአይ ቦክስ የሚባለውን፣ ቤዙን ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኘውን ትንሽ ሳጥን ለብቻ ትገዛለህ፣ ትሸከማለህ፣ ትረሳለህ። (እኔ ሁለት ጊዜ ረስቻለሁ።) ችክችካው ላይ ያሸነፈው አምፕ ለዚህ ልጅ የወደቀበት ምክንያት ይህ ነው። ቤቱ ለሚለማመድና ለትንሽ ባንድ ልምምድ ግን የጆሮ ማዳመጫ መውጫው ግሩም ነው፣ የስፒከርን ድምፅ አስመስሎ ስለሚያወጣ ጆሮ አይወጋም።

አሁን ወደዚያች ሦስተኛ ፎቅ። ፌንደሩ 10 ኪሎ ገደማ ነው። ክላስ ዲ በሚባለው የአሠራር ዘዴ ስለተሠራ ብዙ ሙቀት አያባክንም፣ ከባድ የብረት ማቀዝቀዣ መሸከም የለበትም። በአንድ እጅ አምፑን፣ በሌላው ቤዙን ይዘህ ደረጃ ትወጣለህ። አምፔጉ ከእሱ ይከብዳል። ኦሬንጁማ ሁለት እጅና አንድ ጸሎት ይፈልጋል። ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩ አንሡት፣ ይዛችሁት እስከ በሩ ድረስ ሄዳችሁ ተመለሱ፣ ማንም አይስቅባችሁም። ሰርግ በሌሊት 8 ሰዓት አልቆ ዕቃ ስትጭኑ የምታስቡት ስለ ድምፁ ሙቀት ሳይሆን ስለ ወገባችሁ ነው።

አገር ቤት ለመላክ የምትገዙ ካላችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ። አሜሪካ ያለው መብራት 120 ቮልት ነው፣ ኢትዮጵያ 220። ከመክፈላችሁ በፊት የአምፑን ጀርባ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ መሰኪያውን ብቻ መቀየር ይበቃል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር አዲስ አበባ ላይ የሰካችሁት ቀን የመጨረሻ ቀኑ ነው። ትራንስፎርመር ስትገዙም ከአምፑ ፍጆታ ከፍ ያለውን ውሰዱ፣ ልክክ ያለው ይግላል። አንድ ወዳጄ ለወንድሙ በሻንጣ የላከለት አምፕ አንድ "ቷ!" ብሎ ጭስ አወጣ፣ አሁን የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል።

የአጎቴ ልጅ ፌንደሩን ገዛ። ለቸርችና ለሰርግ፣ ለዚያም ደረጃ፣ እኔም ብሆን እሱኑ ነበር የምወስደው። ኪሱ ትንሽ ቢሳሳ ኖሮ ታናሹን ራምብል 40 እል ነበር፤ ስፒከሩ 10 ኢንች፣ ዋቱ 40፣ የኤክስኤልአር መውጫው ግን አለ፣ ሚክሰር ባለበት ቦታ ሁሉ ይበቃል። ቀስ ያለ ዘፈን የሚያበዛ፣ መኪናው ደጃፉ ድረስ የሚገባለት ሰው አምፔጉን ይውሰድ። ድምፁን ማሻከር የሚወድና ከቤት ብዙ የማይወጣ ኦሬንጁን።

ቤት ስንደርስ አምፑን ይዞ ሦስቱንም ፎቅ ሳያርፍ ወጣ። በሩን እንደከፈተ ሰክቶ መጀመሪያ የነካው ኮንቱሩን ነው። ዝም አልኩት፣ ቅዳሜ ሰርግ አለን።