ስምንት ወር ከኢኤልኤም327 ጋር፦ ቼክ ኢንጂን ሲበራ መጀመሪያ የማየው

ኢኤልኤም327 የመኪና ኮምፒዩተርን የምታነብ፣ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የምትተልቅ ዕቃ ናት። ከስምንት ወር በፊት ሶማሌ ተራ በ1,500 ብር ገዛኋት። ከመሪው ሥር ባለው 16 ፒን ሶኬት ትሰካለች፣ በብሉቱዝ ከስልኬ ጋር ትገናኛለች፣ ቶርክ የሚባለውን አፕ ከፍቼ የሞተሩ ኮምፒዩተር የሚያየውን አያለሁ። መኪናዬ ከአሜሪካ የገባ የ2006 ኮሮላ ነው። አሜሪካ ኦቢዲ 2ን፣ ማለትም እንዲህ ያሉ ማንበቢያዎች የሚገናኙበትን የጋራ ሥርዓት፣ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ስላደረገች በዚህ በኩል አልተቸገርኩም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ መኪኖች ግን ሁሉም አይገናኙም።

ዋጋዋን የመለሰችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ቼክ ኢንጂን በራ፣ መኪናው ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል። ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ ኮዱን (ኮምፒዩተሩ የመዘገበውን የችግር መለያ) አነበበና «አለቃ፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። ዋጋው ብዙ ሺህ ብር ነው። ኮዱ ፒ0171 ነበር።

ይህ ኮድ ግን ሴንሰር ሞተ አይልም። አየሩ በዝቷል ወይም ቤንዚኑ አንሷል ነው የሚለው። ኢሲዩ (የሞተሩ ኮምፒዩተር) ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ያህል አየር እንዲደርስ ይጥራል። የሚገባውን አየር በአየር መለኪያው ይለካል፣ ቤንዚን ይረጫል፣ ከዚያ የጭስ ማውጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ውጤቱን ይነግረዋል። ካነሰ ይጨምራል፣ ከበዛ ይቀንሳል። ይህ ማስተካከያ ፉል ትሪም ይባላል፤ በመቶኛ ስልኩ ላይ ይታያል።

ማታ ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነስቼ አየሁት። ሚኒሞ ላይ ፕላስ 24። ቤንዚን ሰጥቼ 2,500 ዙር ላይ ስይዘው ወደ ፕላስ 5 ወረደ። የሆነ ቦታ ሳይለካ የሚገባ አየር አለ ማለት ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ ቀዳዳው ጎልቶ ይታያል፤ ዙሩ ሲጨምር ድርሻው ያንሳል። ኮፈኑን ከፍቼ ጆሮዬን ሰጠሁ። «ስስስ» ይላል። ከሞተሩ ክዳን ወደ አየር ማስገቢያው የምትሄደውን የላስቲክ ቱቦ ጎንበስ ሳደርጋት ከሥሯ ተሰንጥቃለች። ስንጥቁን በአውራ ጣቴ ደፈንኩት። መንቀጥቀጡ ቆመ። ስልኩ ላይ 24፣ 19፣ 12... ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አስታውሳለሁ። ቱቦዋ 300 ብር አልሞላችም።

ሌላው የምወደው ቁልቁለት ስወርድ ማየት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባህር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ወደ አዋሽ ስወርድ አየሩ እየወፈረ ይሄዳል፣ ፉል ትሪሙ ግን ብዙም ንቅንቅ አይልም። ኢሲዩ የሚገባውን አየር ስለሚለካ ቤንዚኑን ራሱ ያመጣጥናል። በካርቡሬተር ዘመን ይህን የሚያስተካክለው መካኒክ ነበር።

ጉድለት አላት። የኔዋ ኤቢኤስና ኤርባግ አታነብም። ቁጥሮቹ በቆየ መኪና ላይ ዘግይተው ይመጣሉ። ሶኬቱ ቁልፍ ቢጠፋም ከባትሪው መብራት ስለሚያገኝ፣ መኪናው ለቀናት የሚቆም ከሆነ ንቀሏት። እኔ ረስቼያት ለሁለት ሳምንት መስክ ወጥቼ ስመለስ ባትሪው አላስነሳ ብሎኝ በገመድ ነው ያስነሳሁት።

ኮድ ከማጥፋታችሁ በፊት ደግሞ ጻፉት። ሲጠፋ፣ ችግሩ በተፈጠረባት ቅጽበት ኢሲዩ የመዘገበው ዙር፣ ሙቀትና ፍጥነት አብሮ ይጠፋል። ጥሩ መካኒክ በጣም የሚፈልገው እሱን ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙም የራስ ፍተሻ ዝርዝሩን እዩ። አብዛኛው «አልተጠናቀቀም» ካለ፣ ኮዱ በቅርቡ ጠፍቶ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን ጠይቁ።

ገበያ ላይ ያሉት በብዛት ቅጂዎች ናቸው፤ መልካቸው አንድ፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። የኔም የመጀመሪያዋ አልገናኝ ብላ ነው የቀየርኳት። ስለዚህ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱቁ በር ላይ ሰክታችሁ ሞተሩን አስነሱ። ዙሩና የውሃው ሙቀት ስልካችሁ ላይ ካልመጣ እዚያው መልሱላቸው።