አርቲኤክስ 3060 እና 4060፦ ሁለቱንም ስምንት ወር ከተጠቀምኩባቸው በኋላ

አዲሱን ግራፊክስ ካርድ ስገዛ አሮጌውን ልሸጠው ወስኜ ነበር፤ ሁለቱም የኤንቪዲያ ናቸው። ገዢም ተገኝቶ በዋጋ ተስማምተን ነበር። ይኸው ስምንት ወር ሆነ፤ አሮጌው አርቲኤክስ 3060 ዋናው ኮምፒውተሬ ውስጥ ተመልሶ ገብቷል፣ አዲሱ 4060 ደግሞ ታናሽ ወንድሜ የሚሠራበት ማሽን ላይ ነው። የቱ ይሻላል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው።

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው፣ እዚሁ አዲስ አበባ። ጎን ለጎን ለአርክቴክቶች የሕንፃ አኒሜሽን ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም እሠራለሁ። ጌም የሚጫወተው ወንድሜ ነው።

መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ ያለውን እንይ። 3060 የወጣው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ነው፣ በ329 ዶላር። 4060 በጁን 2023 መጨረሻ፣ በ299 ዶላር። እዚህ እኛ ጋ ስንት እንደሚገባ ታውቁታላችሁ፣ እሱን ልተወው። አሮጌው 12 ጊጋ ሜሞሪ አለው፣ አዲሱ 8 ብቻ። ዳታው የሚያልፍበት መንገድም አሮጌው ላይ 192 ቢት ነው፣ አዲሱ ላይ 128፤ በሰከንድ ሲቆጠር 360 ጊጋባይት በ272 ማለት ነው። ኩዳ ኮሩም (ስሌቱን የሚሠሩት የቺፑ ጥቃቅን ክፍሎች) 3584 በ3072 ነው፣ አሁንም አሮጌው ይበልጣል። እዚህ ድረስ ብቻ ያነበበ ሰው አዲሱን ለምን ይገዛል?

ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የ4060 ቺፕ እስከ 2.46 ጊጋኸርዝ ይሮጣል፣ የ3060ው 1.78 ላይ ነው። ኤል2 ካሹ (ቺፑ ውስጥ ያለው ትንሽዬ ፈጣን ሜሞሪ) ደግሞ ከ3 ሜጋባይት ወደ 24 አድጓል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ወደ ሜሞሪው መመላለስ አይጠበቅበትም፤ የመንገዱን መጥበብ የሚያካክሰው በዚህ ነው። አንድ የሳሎን ዲዛይን በሁለቱም ሬንደር አድርጌ (ከ3ዲ ወደ ምስል ቀይሬ) ነበር። 3060 ለአንድ ፍሬም 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ወሰደበት፣ 4060 በ1 ደቂቃ ከ20 ጨረሰው። ደስ አለኝ። ገዢውን ደውዬ ና ውሰድ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ያ የጂ+7 ሥራ መጣ። ሕንፃው ራሱ ቀላል ነበር። ደንበኛው ግን ግቢው ዛፍ በዛፍ ይሁንልኝ አለ፣ መኪና ጨምር አለ፣ መንገዱ ላይ ሰው ጨምር አለ። ጨመርኩ። ማታ ሬንደር አስነስቼ ልተኛ ስል ሜሞሪ ሞላ ብሎ ቆመ። ቴክስቸሩን (ዕቃዎቹ ላይ የሚለጠፈውን ምስል) ከ4ኬ ወደ 2ኬ አወረድኩት፣ ትንሽ ሄዶ አሁንም ቆመ። ዛፎቹን ስቀንስ ግቢው ራቁቱን ቀረ። ጠዋት ማስረከብ አለብኝ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ኬዙን ፈትቼ 3060ውን መልሼ ሰካሁት፣ ያለቀነስኩትን ፋይል ከፍቼ አስነሳሁት፣ ሄደ። የካርዱን መረጃ የሚያሳየው ጂፒዩ-ዚ የሚባል ፕሮግራም ላይ ሜሞሪው 9.6 ጊጋ ይላል። 8 ጊጋ ውስጥ በምንም ተዓምር አይገባም ነበር። ቀርፋፋው ካርድ ሥራውን ጨረሰ፣ ፈጣኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አደረ። ሽያጩን የሰረዝኩት በነጋታው ነው።

ሰርግ ላይ ግን ልዩነቱን ፈልጌ አጣሁት። ካሜራችን የሚቀርጸው 4፡2፡2 10 ቢት ኤች.265 (ብዙ የቀለም መረጃ የሚይዝ የቪዲዮ ዓይነት) ነው፣ እሱን ደግሞ ሁለቱም ካርዶች መክፈት አይችሉም፤ ኤንቪዲያ ያንን ያመጣው በአርቲኤክስ 50 ትውልድ ነው። እኔን ያዳነኝ ፕሮሰሰሬ ነው። የኢንቴል 12400 ነው፣ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ኤዲት የማደርግበት ፕሪሚየር ላይ ያንን ቪዲዮ ያለችግር ያጫውተዋል። ለኤዲቲንግ የምትገዙ ከሆነ ባለ ኤፉን 12400ኤፍ አትግዙ፣ ያ ክፍል የለውም። በጥቂት ብር ልዩነት ስንት ሰው ተጎድቶ አይቻለሁ። ኤቪ1 ኢንኮደርም (ቪዲዮን በአዲሱ ኤቪ1 ፎርማት የሚጨምቀው ክፍል) 4060 ላይ አለ፣ 3060 ላይ የለም፣ ግን ደንበኛዬ የሚፈልገው ፍላሽ ላይ ተጭኖ ቴሌቪዥን ላይ የሚከፈት ፋይል ስለሆነ እስካሁን አልተጠቀምኩበትም።

4060 ልቤን የገዛው በመብራት ነው። ሙሉ ጭነት ላይ 115 ዋት ነው የሚበላው፣ 3060 170። 55 ዋት ትንሽ ሊመስል ይችላል። መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ መጮህ ሲጀምር ግን ሌላ ነው። ያው ዩፒኤስ፣ ያው ያረጀ ባትሪ፣ በ3060 ስምንት ደቂቃ ያቆየኛል፣ በ4060 አሥራ ሁለት ገደማ። አራት ደቂቃ ማለት የጀመረው ኤክስፖርት አለቀ ማለት ነው። ሙቀቱም ይለያል፣ ድምፁም። ወንድሜ ሌሊት አጠገቤ ሲሠራ ማሽኑ መብራቱን አለመብራቱን አይቼ ነው የማውቀው።

የእሱ ማሽን ግን አሮጌ ነው፣ ማዘርቦርዱ ፒሲአይ 3.0 ነው፤ ካርዱ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበት መስመር የድሮው፣ ቀርፋፋው ነው። 4060 የሚጠቀመው 8 መስመር ብቻ ነው፣ 3060 16ቱንም ይጠቀማል። ሜሞሪው እስካልሞላ ድረስ ምንም አይታወቅም። ጌሙ ላይ ቴክስቸሩን እስከ መጨረሻ ሲያወጣው ግን 8 ጊጋው ይሞላል፣ የተረፈው በዚያች ጠባብ መስመር ወደ ራም ይሄዳል፣ ያኔ ስክሪኑ ይንተፋተፋል። አንድ ደረጃ ሲያወርደው ይስተካከላል። በፍሬሞች መሃል ተጨማሪ ፍሬም የሚፈጥረውን የኤንቪዲያ ፍሬም ጀነሬሽን በጣም ይወደዋል፣ እሱ 3060 ላይ የለም። ምስሉን ያለሰልሰዋል፣ የእጅን ምላሽ ግን አያፈጥንም፤ ኳስ ሲጫወት ያጠፋዋል።

በአጭሩ ብሌንደር ላይ ከባድ ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ባለ 12 ጊጋውን 3060 ያዙ። ለጌም፣ ለቀላል ኤዲቲንግ፣ መብራት ለሚያስቸግረው ሰፈር 4060 ግዙ፣ አትቆጩም።

3060 ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ባለ 8 ጊጋ 3060ም አለ፣ መንገዱም 128 ቢት ነው፣ ስሙ ያው ስለሆነ ብዙ ሰው አይለየውም። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። 12288 ሜጋባይት እና 192 ቢት የሚሉትን ሁለቱን ቁጥሮች በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ጭነት ላይ አቆዩት፣ ፋኖቹን አዳምጡ። የኔ ሁለት ዓመት ሲሞላው 78 ዲግሪ ይደርስ ነበር፤ የበጋውን አቧራ አራግፌ ቺፑ ላይ የሚቀባውን የማቀዝቀዣ ፔስት ስቀይረው 69 ላይ ቆመ። ስለዚህ ትንሽ መሞቅ ብቻውን አያስፈራችሁ። ሻጩ ሃያ ደቂቃ አላስሞክርም ካለ ግን ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።