በኔትወርክ የሚሠራ የስርጭት ሚክሰር ከወራት በኋላ፦ ፌደሩን ገዝተን ስዊቹን አገባን

ሚክሰር የሚገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ፌደሩ ላይ ነው፤ ድምጹን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ተንሸራታች ላይ። ስንት ፌደር አለው? ሲነኩት ልስልስ ይላል? ስክሪኑ ያምራል? ሻጩም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። እኛ የድሮውን አናሎግ ሚክሰር ሸኝተን በኔትወርክ የሚሠራውን ካስገባን ወራት አልፈዋል። ፌደሩ እንደተባለው ጥሩ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። በየቀኑ አብሮን የሚውለው ግን ከጀርባ ያለው ነገር ነው፤ ስዊቹ (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚገናኙበት ሣጥን)፣ የጋራ ሰዓቱ፣ የድምጽ ምንጮቹ ስም። ስለዚህ ይህ ግምገማ በአብዛኛው የእነሱ ነው። የሚክሰሩን ስም የማልጠራውም ሆን ብዬ ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ አብዛኛው ጣጣ የየትኛውንም ኩባንያ ዕቃ ብትገዙ ይገጥማችኋል።

አቀማመጡ ይህን ይመስላል። ጣቢያችን ጥቂት ስቱዲዮዎችና አንድ ማስተር ክፍል ያለው ሬዲዮ ነው። በየስቱዲዮው ጠረጴዛ ላይ ያለው ፌደርና ስክሪኑ ብቻ ነው፤ ድምጹን የሚደባልቀው ኢንጂን ራክ ክፍል ውስጥ ነው። ማይኩ ግድግዳ አጠገብ ወዳለች ሣጥን ይገባል፣ እዚያ ወደ ፓኬት (በኔትወርክ ወደሚላክ ትንሽ የመረጃ ቁራጭ) ይቀየራል፣ ከዚያ በኋላ የፈለገው ስቱዲዮ ይወስደዋል። ድሮ አንድ የዜና ክፍል ኮምፒውተር ለሁለት ስቱዲዮ ለማድረስ ገመድ መሳብ፣ ማከፋፈያ መግጠም፣ ፓች ቤይ (የገመዶች መገናኛ ሰሌዳ) ላይ መበየድ ነበረብን። አሁን ስክሪን ላይ ባለው ግሪድ አንዱን ካሬ መጫን ነው። ለዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ፌደሩና ኢንጂኑ መለያየታቸው ደግሞ ያልጠበቅኩት በረከት ሆነ። አንድ ጠዋት ቀጥታ ስርጭት ላይ እያለን የፌደሩ ስክሪን ደርቆ ቀረ። ኤሌክትሪኩን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። እስኪነሳ ድረስ ኢንጂኑ በነበረበት ልክ መደባለቁን ቀጠለ፤ ማይኩም ሙዚቃውም አየር ላይ ነበሩ። አቅራቢዋ ወሬዋን አላቋረጠችም። በድሮው ሚክሰር ቢሆን ኖሮ ጸጥታው እስከ ማስተላለፊያው ድረስ ይሄድ ነበር።

ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። ድምጽን በኔትወርክ ከሚልኩት ዘዴዎች አንዱ ላይቭዋየር የመጣው በ2003 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዳንቴን የሠራው የአውስትራሊያው ኦዲኔት የተቋቋመው በ2006፣ ራቬና ደግሞ ይፋ የሆነው በ2010 ነው። ሁሉም ድምጽ በተራ የኔትወርክ ገመድ ይልካሉ፤ እርስ በርስ ግን አይግባቡም ነበር። ይህን ለማስታረቅ በ2013 ኤኢኤስ 67 የሚባለው ስታንዳርድ ወጣ። በ2017 የቴሌቪዥኖቹ ስታንዳርድ ኤስቲ 2110 ሲመጣም የድምጹ ክፍል የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ብሮሹር ላይ “ኤኢኤስ 67 ይደግፋል” የሚል ስታነቡ ውሸት አይደለም። ግን ሙሉው እውነትም አይደለም።

ምክንያቱም ኤኢኤስ 67 የተስማማው ድምጹ እንዴት እንደሚጓዝ ነው። 48 ኪሎኸርዝ፣ 16 ወይም 24 ቢት፣ አንድ ሚሊሰከንድ የሚይዝ ፓኬት። ዕቃዎቹ እንዴት እንደሚፈላለጉ ግን አልወሰነም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚያዝዘውን አካልም እንደዚሁ። ስለዚህ በአንድ ኩባንያ ዕቃዎች መካከል ግሪዱ ላይ ጠቅ ብሎ የሚያልቀው ሥራ፣ የሌላ ኩባንያ ዕቃ ሲገባ ወደ እጅ ሥራ ይለወጣል። እኛ ጋ ዳንቴ ያላቸው ጥቂት ሣጥኖች ነበሩ። መጀመሪያ በሣጥኑ ላይ የኤኢኤስ 67 ሁነታን ማብራት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ከሌላ ኩባንያ ዕቃ ጋር ሲገናኝ የሚልከው በመልቲካስት (አንዱ ልኮ የፈለጉ ብዙዎች በሚቀበሉበት መንገድ) ብቻ መሆኑን ማወቅ። ከዚያ ኤስዲፒ የምትባለዋን አጭር ጽሑፍ፣ ማለትም የድምጹን አድራሻና ዓይነት የያዘችውን፣ ሚክሰሩ ላይ መለጠፍ። ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ሰው ላኪው ጋ የሆነ ነገር ሲቀይር ነው። ተቀባዩ ጋ ያለችው ጽሑፍ አሮጌ ትሆናለች፣ ሚክሰሩም ማንም የማይናገርበትን አድራሻ በትዕግሥት ያዳምጣል። ስህተት አያሳይም። ዝም ብቻ።

ወደ ሰዓቱ ልግባ፤ ሰው አቅልሎ የሚያየው ይህንን ነው። በአናሎግ ዘመን ማንም ሰዓት አላስፈለገውም። እዚህ ግን ሁሉም ዕቃ ናሙና (በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ የሚወሰድ የድምጽ ልኬት) የሚወስደው በአንድ ምት መሆን አለበት። ምቱን የሚያከፋፍለው ፒቲፒ የሚባለው ሰዓት የማስማሚያ ዘዴ (አይትሪፕልኢ 1588) ነው። ሒሳቡን ተመልከቱት። ሁለት ዕቃዎች በየራሳቸው ሰዓት ቢሄዱና ልዩነታቸው ከሚሊዮን አሥር ብቻ ቢሆን፣ በ48 ኪሎኸርዝ በየሰከንዱ ግማሽ ናሙና ገደማ ይራራቃሉ። ድምጹ ተራውን የሚጠብቅበት የአንድ ሚሊሰከንድ ማቆያ ደግሞ የሚይዘው 48 ናሙና ነው። በመቶ ሰከንድ ውስጥ አለቀ ማለት ነው። ያኔ “ቲክ” ትሰማላችሁ። ከመቶ ሰከንድ በኋላ ደግሞ ሌላ “ቲክ”። በሙዚቃ ውስጥ አይታወቅም፤ ዜና ላይ ግን ጆሮ ይበላል። ድምጽ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ቲክ ካለ ማይኩን ትታችሁ ሰዓቱን ፈትሹ።

ዳንቴ ሲገባ ነገሩ ይወሳሰባል። ለራሱ የሚጠቀመው የመጀመሪያውን የፒቲፒ ስሪት፣ የ2002ቱን ነው። ኤኢኤስ 67 የሚፈልገው ሁለተኛውን፣ የ2008ቱን። ሁለቱ በቀጥታ አይነጋገሩም፤ ሁለቱንም የሚያውቅ አንድ ዕቃ መሐል ገብቶ ማስታረቅ አለበት። የሰዓት አለቃ ማን እንደሚሆን ዕቃዎቹ ራሳቸው ይመርጣሉ። ፕራዮሪቲ የሚባለው ቁጥር ከ0 እስከ 255 ሲሆን ትንሹ ያሸንፋል። ሁሉም በ128 ከተተዉ ምርጫው በሌሎች መመዘኛዎች ይወሰናል፣ አንዱ ጥግ ያለች ተራ ሣጥን የጣቢያው ሁሉ አለቃ ሆና ልትገኝ ትችላለች። ማን አለቃ፣ ማን ምክትል እንደሆነ በቁጥር ወስኑ፣ ሌላውን ሁሉ ወደ ኋላ ግፉ።

አሁን ወደ ስዊቹ። አንድ ቀን ማታ የውጭ ባለሙያ መጥቶ ዋናውን ስዊች ቀየረ። ገመዶቹ ተሰኩ፣ መብራቶቹ አረንጓዴ ሆኑ፣ ድምጹ መጣ። “አለቀ” ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ስቱዲዮ ጭጭ አለ። ምንጩን ግሪዱ ላይ አጥፍቼ መልሼ ሳበራው ድምጹ ተመለሰ። እፎይ ከማለቴ ሌላኛው ስቱዲዮ ጠፋ። እሱን ስመልስ ወደ ማስተላለፊያው የሚሄደው ጠፋ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስሯሯጥ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ የመለስኩት ሁሉ የሚጠፋው አራት ደቂቃ ካለፈ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው።

ምስጢሩ ይህ ነው። ድምጹ የሚጓዘው በመልቲካስት ስለሆነ ስዊቹ ለጠየቀው ፖርት (ገመድ ለሚሰካበት ቀዳዳ) ብቻ እንዲሰጥ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ የሚባለው ቅንብር ይበራል። ጥያቄው ግን ለዘላለም አይቆይም። አንድ ኩዌሪየር በየ125 ሰከንዱ “ይህን ድምጽ አሁንም የምትፈልጉ አላችሁ?” እያለ መጠየቅ አለበት። ሁለት ዙርና ተጨማሪ አሥር ሰከንድ፣ ማለትም 260 ሰከንድ ሙሉ መልስ ካልተሰማ ስዊቹ ፖርቱን ከዝርዝሩ ያወጣዋል። የድሮው ስዊች ኩዌሪየር ነበር። አዲሱ ላይ ስኑፒንጉ በርቷል፣ ጠያቂ ግን የለም። አንዲት ምልክት ማብራት በቂ ነበር። አሁን በሁለት ስዊቾች ላይ አብርተነዋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ዝቅተኛ አይፒ ያለው ሥራውን ይይዛል፣ እሱ ቢወድቅ ሌላው ይተካል። ስዊች ከተነካ በኋላም አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ማንም ከክፍሉ አይወጣም።

ተቃራኒውም አለ፤ ስኑፒንጉ ጭራሽ ሲጠፋ። ያኔ ሁሉም ድምጽ ወደ ሁሉም ፖርት ይጎርፋል። አንድ ስቴሪዮ በ24 ቢት 2.3 ሜጋቢት ያህል ነው፤ የፓኬቱ ልባስ ሲጨመርበት ወደ 3 ይጠጋል። ሃምሳ ስቴሪዮ ማለት 150 ሜጋቢት ገደማ ነው። አንድ ጊጋቢት ፖርት ላለው ይህ ምንም አይደለም። የስልክ ሣጥናችን ግን ፖርቱ 100 ሜጋቢት ነው። የጎርፉ የመጀመሪያ ተጠቂ እሱ ነው፤ ደዋዮች እንደ ሮቦት መቆራረጥ ሲጀምሩ የስልክ ኩባንያውን ከመሳደባችሁ በፊት ስዊቹን እዩ።

ስዊቹ ላይ እያለን፤ ኤሌክትሪክ ቆጣቢውን ኤተርኔት አጥፉት። ፓኬት በማያልፍበት ቅጽበት ፖርቱን እያስተኛ የሰዓቱን ፓኬት ያዘገየዋል። ቅድሚያ አሰጣጡም መስተካከል አለበት። ዳንቴና ኤኢኤስ 67 በፓኬቱ ላይ የሚጽፉት የቅድሚያ ቁጥር አንድ አይደለም። ዳንቴ ለሰዓቱ 56፣ ለድምጹ 46 ይጽፋል። ኤኢኤስ 67 ደግሞ 46ን የሚሰጠው ለሰዓቱ ነው፤ ድምጹ 34 ነው። ስለዚህ 46 የያዘው የአንዱ ድምጽ የሌላው ሰዓት ከሚሰለፍበት ወረፋ ይገባል። ኔትወርኩ ባዶ ከሆነ አይታወቅም፤ ሲጨናነቅ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ኦንኤር ሰዎቹን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው አቤቱታ የመጣው ከሄድፎን ነው። አንድ አቅራቢ “ድምፄ ጎድጓዳ ሆነብኝ” አለ። ማይኩ ጤነኛ ነው። ሰው ሲናገር የራሱን ድምጽ በአጥንቱ በኩል ወዲያው ይሰማል፤ በሄድፎኑ የሚመጣው ጥቂት ሚሊሰከንድ ከዘገየ ሁለቱ ይጋጩና ድምጹ ይቀየርበታል። የማይኮቹን መንገድ ወደ አጭሩ መዘግየት ስናወርደው ቅሬታው ቆመ። ከኮምፒውተር የሚመጣው ሙዚቃ ግን ማንም ራሱን ስለማይሰማበት ረዘም ባለው ይቆይ፤ ለኔትወርኩም ይቀለዋል።

የስልኩ ነገር ግን አንጀቴን ነው ያራሰው። ደዋይ ከራሱ ድምጽ በስተቀር ሌላውን ሁሉ መስማት አለበት፤ ሚክስ ማይነስ የሚባለው ነው። ድሮ በኦክዚለሪ (ለብቻው በሚወጣው ተጨማሪ የድምጽ መስመር) እየተጨነቅን እናዘጋጀው ነበር፤ አንዷ ኖብ ከተረሳች ደዋዩ የገዛ ድምጹን እየሰማ ይንተባተባል። አሁን ስልኩ የተጫነበት ፌደር የመልሱን ድምጽ ራሱ ይሠራል። የትኛው ፌደር ላይ ብትጭነው ይከተላል። የበሩ ላይ ቀይ መብራትም ከማይኩ ምንጭ ጋር ስለታሰረ ማይኩ ወደ ሌላ ፌደር ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኤኢኤስ 67 የሚሸከመው ድምጹን እንጂ ይህን መብራትና ፌደር ሲከፈት የሚሄደውን ትእዛዝ አይደለም። የሌላ ኩባንያ ሣጥን ካስገባችሁ ለመብራቱ ሌላ መላ ያስፈልጋል።

ስም አወጣጥ ላይ ደረቅ ብያለሁ፤ ባልደረቦቼም ያሙኛል። ግን “ፒሲ 1”፣ “አዲሱ ፒሲ”፣ “ፒሲ 1 አዲስ” የሚል ዝርዝር ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ሌሊት ላይ ፈልጉ እስቲ። እኛ ጋ ስሙ በቦታ ይጀምራል፣ ከዚያ ዕቃው፣ ከዚያ ቁጥሩ። የቻናሎቹም ቁጥር በመቶ ቤት ተከፍሏል፤ ሦስት መቶዎቹ የስቱዲዮ ሦስት ናቸው። ላይቭዋየር ይህን ደስ በሚል መንገድ ያግዛል። አድራሻውን ከቻናሉ ቁጥር ራሱ ያሰላል፤ ቻናል 301 በ239.192.1.45 ይወጣል፣ 256 ሲደመር 45 ማለት ነው። ሁለት ዕቃ አንድ ቁጥር ከተሰጣቸው ግን ሁለቱም በአንድ አድራሻ ይጮኻሉ። ስለዚህ አንድ ሠንጠረዥ አለ፤ እዚያ ያልተጻፈ ቁጥር አይሰጥም።

የማልወደው የፈቃድ ጉዳይን ነው። ሶፍትዌሩ እንደተጫነ ማንኛውም ኮምፒውተር አየር ላይ ያለውን መስመር መቀየር ይችላል። መቆለፊያ አለው፤ ግን ከሣጥኑ ሲወጣ ክፍት ነው፣ እሱን ለማግኘት ሦስት ሜኑ መውረድ ያስፈልጋል። የስርጭት መውጫዎቹን ቆልፈን፣ የድምጹን ኔትወርክ ከቢሮው ለይተን ነው እንቅልፍ ያገኘነው። የሶፍትዌር ማሻሻያውም ራስ ምታት ነው። ኢንጂኑ፣ ሣጥኖቹና ፌደሩ ተመሳሳይ ስሪት ካልያዙ ያኮርፋሉ፤ ስለዚህ “አዲስ ስሪት ወጣ” የሚል መልእክት ሲመጣ አንቸኩልም።

“ትንሽ ጣቢያ ይግዛው ወይ?” ለሚለኝ፦ አንድ ስቱዲዮ ብቻ ካላችሁና የምንጮቹ ቁጥር ካልጨመረ ጥሩ አናሎግ ሚክሰር ይበቃችኋል፤ ራስ ምታቱን አትግዙ። ከአንድ ስቱዲዮ በላይ ካላችሁና ስዊች ውስጥ ገብቶ የሚያነብ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን ግዙ። ያ ሰው ከውጭ የሚጠራ ከሆነ፣ ቢያንስ የስዊቹ የይለፍ ቃልና የቅንብሩ ቅጂ እናንተ እጅ ይቅር።

እኛ ቀጥሎ የምናደርገው ሁለተኛ ኔትወርክ መዘርጋት ነው፤ ያው ድምጽ በሁለት መንገድ ሄዶ አንዱ ቢቆረጥ ሌላው እንዲሸፍን። እስከዚያው ከማስተር ክፍሉ ማጫወቻ ወደ ማስተላለፊያው በቀጥታ የሚሄድ፣ ስዊች የማይነካው የአናሎግ መስመር ትተናል። ጸጥታ ሲሰማ ወደ እሱ የሚቀይር መሣሪያም ጫፉ ላይ ተገጥሟል፤ በየሳምንቱ ዋናውን ገመድ ነቅለን እንሞክረዋለን።