የፔት ስካኑን ውጤት በሰው ቋንቋ ላስረዳችን ዶክተር፦ እግዜር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው የአባቴን ፔት ስካን (ስኳር በብዛት የሚወስዱ ሴሎችን አብርቶ የሚያሳይ የሰውነት ምስል) ያነበበችውን የኑክሌር ሕክምና ሐኪም ለማመስገን ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ ለምናኛለች። «ሥራዬ እኮ ነው» ብላ ዘጋችው። እሺ ብያለሁ፤ ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

አባቴ የምግብ ቱቦ ካንሰር አለበት። ዕጢው ያለው ታች፣ ቱቦው ከጨጓራ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ኬሞ ሳይጀምር ፔት ስካን ታዘዘለት። ውጤቱ ላይ ኤስዩቪ የሚባል፣ አንድ ቦታ የተወጋውን መድኃኒት ምን ያህል እንደወሰደ የሚለካ ቁጥር አለ። ወንድሜ ያንን ቁጥር ይዞ ሌሊቱን ስልኩ ላይ አፍጥጦ አደረ። ሲነጋ «ቁጥሩ ከፍ ካለ ዕድሜ አጭር ነው ይላል» ብሎ ቤቱን አተራመሰው።

ዶክተሯ ወረቀቱን ወደ ጎን አለችና ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረችው። ምስሉ ላይ ከዕጢው ሌላ አንጎሉም ፊኛውም ቦግ ብለው ይታያሉ። እኔ ፊኛውን ሳይ ክው አልኩ። «ሽንት ነው፤ መድኃኒቱ የሚወጣው በዚያ ነው» አለችኝ። የሚወጋው ኤፍዲጂ የሚባል፣ ፍሎሪን 18 (ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር) ያለበት ግሉኮስ መሳይ ነገር ነው። ስኳር በብዛት የሚወስድ ሴል ሁሉ ይወስደዋል። እንደ ስኳር ተፈጭቶ ስለማያልቅ ግን እዚያው ይቀራል። አንጎል ስኳር ይወዳል፤ ካንሰርም እንደዚያው።

ቁጥሩስ? የደም ስኳር፣ ክብደት፣ ከመርፌው በኋላ የተጠበቀው ሰዓት፣ ማሽኑ ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። በበሽታው የወደፊት ሁኔታ ላይ ይበልጥ የሚመዝነው ስንት ንፍፊት (የሊምፍ ዕጢ) እንደበራ፣ ወደ ሩቅ ቦታ መሰራጨቱና ቁጥሩ በሕክምናው መውረዱ ነው አለችን።

በ2007 እ.ኤ.አ. ከሙኒክ የወጣ ጥናትም ነገረችን። እንደ አባቴ ዓይነት ቦታ ላይ ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ኬሞ በጀመሩ በ2 ሳምንት ስካን ይደረግላቸዋል። ቁጥሩ 35 በመቶና ከዚያ በላይ የወረደላቸው ኬሞውን ይቀጥላሉ። ያልወረደላቸው ኬሞውን ትተው በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳሉ። ከወረደላቸው ግማሾቹ በሽታው ሳያገረሽና ሳይብስ 30 ወር ገደማ አልፈዋል። በሌሎቹ ይህ ጊዜ 14 ወር አካባቢ ነበር። ወንድሜ ፊቱ ሲጠቁር አይታ፣ «14 ወር ማለት እኮ ከነዚያም ግማሾቹ ከዚያ በላይ ቆዩ ማለት ነው። አባባ የትኛው ውስጥ እንዳሉ ይሄ ጥናት አያውቅም» አለችው። እውነቱን አልሸሸገችም፤ ተስፋም አልነጠቀችም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚችል ሰው ብዙ አላየሁም።

መርፌውን የሰጠውን ባለሙያም ሳላነሳ አላልፍም። ከመርፌው በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ጸጥ ብሎ መቀመጥ አለ። አባቴ ደግሞ ወሬ ይወዳል! ልጁ በትህትና «አባባ፣ ሲያወሩ የድምፅ ጡንቻዎ ስኳር ይወስድና አንገትዎ ላይ ያበራል፤ ዶክተሯ ንፍፊት ስትፈልግ ያስቸግራታል» አለው። ብርድ ልብስም ደረበለት፤ ብርድ የሚያበራው የስብ ዓይነት አለ ለካ። አባቴ አፉን በእጁ ይዞ ሰዓቱን ጨረሰ። እናቴ ይህን ስታይ «ይሄን ልጅ ቤት ወስጄ በቀጠርኩት» አለች።

እንከን አልነበረም ልል አልችልም። ቀጠሮ ለማግኘት ትዕግስት ይጠይቃል፤ ስልክ የሚያነሳም የለም።

ሁለተኛው ስካን ላይ ቁጥሩ ደህና አድርጎ ወርዷል። ዶክተሯ ግን «ዳነ» አላለችም። «ኬሞው እየሠራ ነው፤ የካንሰር ሐኪሙ ይቀጥልበት» ነው ያለችው።

ስካን የታዘዘላችሁ ካላችሁ፣ ምስሉን ከሚያነበው ሐኪም ጋር ቁጭ ብላችሁ ለመነጋገር ጠይቁ። ሁለተኛው በዚያው ማሽን እንዲሆን ቀድማችሁ አሳስቡ። የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰው ከሆነ ስካኑ መቼ ቢሆን እንደሚሻል ጠይቁ፤ በጨረር የተቆጣ ቦታም ያበራልና። ስኳር ሕመም ያለበትም አስቀድሞ ይናገር።

የምትሠራበትን ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እነግራችኋለሁ። የድሮ ምስል ካላችሁ ሲዲውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃትም።