ከጅማ ፖስታ የምትልኩ፣ «የበዓል ክፍያ» ሲሏችሁ ቆም በሉ

ጅማ ውስጥ ሰነድና ዕቃ ተቀብሎ የሚልክ አንድ ሱቅ አለ። ስሙን አልጠራም። «በዓልም ቢሆን በነጋታው እናደርሳለን» ይላል፤ ለዚህች ቃል ብቻ ከመደበኛው ሂሳብ እጥፍ ይቀበላል።

የጎረቤቴ ልጅ ሀዋሳ ለወጣ ሥራ ማመልከቻ ላከበት። የመመዝገቢያው ቀን ሊያልቅ ነበርና የጠየቁትን ከፈለ። ፖስታው ከጅማ በሰዓቱ ወጣ፣ ይሄ አይካድም። ሀዋሳ ሲደርስ ግን ፍቼ ጨምበላላ ሆኖ ቢሮው ተዘግቷል። ሲከፈት ምዝገባው አብቅቷል። ብሩን መልሱ ሲላቸው «እኛ ከተማው አድርሰናል» አሉት። ጉድ እኮ ነው!

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጅማ የሥራ ቀን መሆኑ ለሀዋሳ ምንም አይፈይድም። ፍቼ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ እዚህ እኛ ሥራ ላይ ስንሆን እዚያ በዓል ነው። ቀኑም እንደ መስከረም 1 የቆመ አይደለም፤ አያንቶዎች የሚባሉ የሲዳማ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚቆርጡት። ስለዚህ ግድግዳችሁ ላይ ያለውን ካላንደር አትመኑ። ኢድም ቢሆን ጨረቃ እስክትታይ አይታወቅም፤ ይህንን ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ደግሞ በአገራችን ፖስታ እንደ ልብ ቤት ድረስ አይመጣም። ወይ ፖስታ ሣጥን ይገባል፣ ወይ ተቀባዩ መታወቂያ ይዞ መስኮት ላይ ይረከባል። መስኮቱ ዝግ ከሆነ «ደርሷል» ማለት ምንም ማለት አይደለም።

እና እጥፍ ከመክፈላችሁ በፊት ተቀባዩ ጋ ደውሉ፤ የዚያን ሳምንት በዓል ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሱቁን ደግሞ «የምታደርሱት ከተማው ነው ወይስ እጁ ላይ?» በሉት። መልሱን ከነቀኑ ደረሰኝ ላይ ይጻፍላችሁ። «አያስፈልግም፣ እመኑን» ካሉ መነኸሪያ ሂዱና በመኪና ላኩ። ቢያንስ ሹፌሩ ስልክ ያነሳል።

ቀድሞ የተበላ ካለ ደረሰኙን እንዳይጥል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ አቤቱታ ይዞ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ ይቻላል። የጎረቤቴ ልጅ ሄዷል። ያስቸገረው ደረሰኙ ላይ ያለው «ፈጣን» የሚል ቃል ብቻ መሆኑ ነው፤ «በዓልም ቢሆን» ያሉት በአፍ ነበር።