ለቲዩብ አምፕሊፋየር የትኛው ሬጉሌተር ያዋጣል?

ቲኤል783 የተባለውን ሬጉሌተር (ቮልቴጅን ቋሚ የሚያደርግ ቺፕ) ብዙ ሰው «ለከፍተኛ ቮልቴጅ» የሚለውን ብቻ አይቶ ይገዛዋል። ቺፑ መጥፎ አይደለም፤ እስከ 700 ሚሊአምፔር ይሰጣል፣ አገጣጠሙም ቀላል ነው። ግን በመግቢያውና በመውጫው መካከል ከ125 ቮልት በላይ አይችልም። እና 300 ቮልት ለማውጣት ስትሠራበት፣ ገና ማብሪያውን ስትጫን በመውጫው በኩል ያለው ባዶ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) እንደ ሾርት ስለሚሆን ቮልቴጁ በሙሉ ቺፑ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ቻው ነው። መከላከያ ካልጨመርክለት አልመክርም።

ኤልአር8 የሚባለው ሬጉሌተር እስከ 450 ቮልት ይቀበላል፤ አቅሙ ግን 10 ሚሊአምፔር አካባቢ ነው። እንደ 12ኤኤክስ7 ላሉ ጥቂት ትናንሽ ቲዩቦች ይበቃል፣ ብዙ አትጠብቅ።

የእኔ ምርጫ የማይዳ ሰርኪዩት ነው። ተራው ሬጉሌተር ኤልኤም317 ታች ይቀመጥና ከላዩ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችል ሞስፌት (የትራንዚስተር ዓይነት) ይደረብለታል። ሸክሙን ሞስፌቱ ስለሚወስደው ኤልኤም317 የሚያየው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው፣ ሃሙም (ከኃይል ምንጩ የሚመጣው ጉምጉምታ) ድምጥማጡ ይጠፋል። ሙቀቱን ግን አስላው፦ 50 ቮልት በ100 ሚሊአምፔር ሲወርድ 5 ዋት ነው፣ ስለዚህ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) የግድ ነው። የሞስፌቱ ጀርባ ብረት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥታ ከከፍተኛው ቮልቴጅ ጋር የተያያዘ ነውና ማይካ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ንጣፍ) ሳታደርግ ካሰርከው ሂት ሲንኩ ራሱ ይገድልሃል።

0ዲ3 የጋዝ ቲዩብ? ሲበራ ያምራል፣ 150 ቮልትም ይይዛል፤ ትልቅ ካፓሲተር አጠገቡ ካደረግክበት ግን መወዛወዝ ይጀምራል።

ለፑሽ ፑል (ቲዩቦች በጥንድ ተቀናጅተው የሚሠሩበት) የኃይል ክፍል ከሆነ ግን ገንዘብህን አታባክን፣ ቾክ (የተጠመጠመ ሽቦ) እና ጥሩ ካፓሲተር ይበቃዋል።