ሲያመኝ የሚያጨበጭብልኝ ሰዓት፦ የ8 ወር ልምዴ

እርምጃና እንቅልፍ የሚቆጥረውን ይህን የእጅ ስማርት ሰዓት መስከረም ላይ በ4,200 ብር ገዛሁት። ውለታውን ኋላ አወራለሁ፤ መጀመሪያ ንዴቴ ይውጣልኝ።

ደብረ ብርሃን ባጃጅ ነው የምሠራው። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ ሞቅ፣ አንዴ ድባቴ የሚያደርግ የአእምሮ ሕመም፣ እንዳለብኝ ካወቅኩ 6 ዓመት አልፎኛል። እኔ ላይ ሞቅታው ሲመጣ ቀድሞ የሚሸሸው እንቅልፍ ነው። ሦስት ሰዓት ተኝቼ እነሳለሁ፣ ድካም የሚባል ነገር የለም፣ እቅድ በእቅድ ላይ ይፈላል። ሐኪሜም ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀኝ እንቅልፌን ነው። ሰዓቱን የገዛሁት ለዚሁ ነበር። ስልኬ ላይም ስሜቴን ማታ ማታ የምመዘግብበት አፕ ጫንኩ።

ከጥምቀት ማግስት፣ ከጥር 12 ጀምሮ፣ እንቅልፌ ተበላሸ። መጀመሪያ 4 ሰዓት፣ ቀጥሎ 3፣ ከዚያ 2 ተኩል። በዚያ ብርድ ሌሊት ተነስቼ ባጃጄን አጥባለሁ። ሳይነጋ ጠባሴ ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ። በአራተኛው ቀን ሰዓቱ እጄ ላይ ተንዘረዘረ። ሳየው ርችት! የወርቅ ዋንጫ! እንኳን ደስ አለህ፣ 27,340 እርምጃ፣ አዲስ ሪከርድ!

እኔም ደስ አለኝ። ሞቅ ያለው ሰው የሚፈልገው ጭብጨባ አይደል? በዚያው ሞቅታ ለሁለተኛ ባጃጅ 15,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ። እስካሁን አልተመለሰልኝም።

የሚያናድደኝ እንቅልፉን በትክክል መዝግቦት መገኘቱ ነው። አንዱ ገጽ ላይ 2 ሰዓት ተኩል እንደተኛሁ ያውቃል፣ ሌላው ገጽ ላይ ርችት ይተኩሳል። ያስቆመችኝ እናቴ ናት። «መብራትህ ሦስት ሌሊት አልጠፋም» አለችና እህቴን ጠራች። እህቴ ስልኬን ከፍታ «ኧረ በ2 ሰዓት ነው የተኛው!» አለች። 02:10 ይላላ! በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 8 ሰዓት ከ10 መሆኑ ነው። እናቴ ግን ቁጥር አላየችም፣ ያየችው መብራቱን ነው። በነጋታው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

አንተ ሻጩ፣ «ወንድሜ፣ ጭንቀትም ይለካል» ብለኸኝ ነበር። ለሕመሜ የምወስደው መድኃኒት ሊትየም ነው፤ በሰውነቴ ውስጥ ያለው መጠን የሚታወቀው በደም ምርመራ እንጂ በእጅ ሰዓት አይደለም። «ሴቲንጉን ነካካው» ትለኝ ይሆናል። ነካክቻለሁ። እርምጃህ ሲያንስ የሚነዘንዝ አለው፣ ሲበዛ «ኧረ ተው» የሚል የለውም። የእኔ ችግር ደግሞ ሲበዛ ነው።

ድባቴው የካቲት መጨረሻ መጣ። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ዓይኔን ጣሪያው ላይ ተክዬ አነጋለሁ። ሰዓቱ ጠዋት «9 ሰዓት፣ ግሩም እንቅልፍ» ይለኛል። ካልተንቀሳቀስክ ተኝተሃል ነው ነገሩ።

እሺ፣ ውለታው። በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሜ ስልኬን ተቀብላ ገጹን ወደ ታች ጎተተች። ድሮ «እንቅልፍ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደህና ነው» ብዬ እወጣ ነበር። አሁን መስመሩ ከጥር 12 ጀምሮ ሲወርድ ሁለታችንም አየነው፤ መዋሸት አልቻልኩም። ሁለት ሌሊት ተከታትሎ ከ5 ሰዓት በታች ከተኛሁ እንድደውል ተስማማን። እናቴ ይህንን በወረቀት አስጽፋ በሩ ላይ ለጥፋዋለች። ሰዓቱን እስካሁን ያልሸጥኩት ለዚህች መስመር ስል ነው። የስሜት አፑን ግን ተውኩት። ድባቴ ውስጥ ሆኖ የሚያዝን ፊት መርጦ የሚነካ ሰው ካለ ጎበዝ ነው።

ግዙ ወይስ አትግዙ? ጥር ላይ ብትጠይቁኝ ለሁሉም ዘመዴ አንዳንድ እገዛላቸው ነበር። ዛሬ ግን ተናድጃለሁ። ገና ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፣ ዋንጫ ሰጥቶኛል። 11,000 እርምጃ። ኮብልስቶኑ ሲያንገጫግጨኝ ነው እንጂ ከባጃጄ አልወረድኩም።